ከበሮው እስኪገባ

ዌንደል ማኪ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ አያውቅም። ሚስቱ ማርሊስ የአየር ትንበያ መስማት ስትፈልግ እንኳ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ነው የምትከፍተው። ሰው ሲጠይቀው፣ ዳቦ ጋጋሪ ቤቱ ገብቶ ደግሞ ዳቦ ይጋግራል እንዴ ብሎ ያልፈዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ሰውየው ደክሞታል።

በዱሉት ከተማ፣ ከትልቁ ሐይቅ ዳር፣ ከሰዓት በኋላ ማለት የእሱ ድምፅ ማለት የነበረበት ዘመን አለ። ኮረብታው አናት ላይ ያለችው ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ስትቀጥረው ጢሙ እንኳ በቅጡ አልጠነከረም ነበር። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ማኪ የሚለው ስም አልጣመውም። ማኪ የዓሣ ነጋዴ ስም ነው፣ የዓሣ ነጋዴ የሮክ ሙዚቃ ሲያጫውት ማን ይሰማል አለና «የሐይቁ ተኩላ» ብሎ ሰየመው። ዌንደልም ስሙን ተቀበለ። ፕሮግራሙን ሲከፍት እንደ ተኩላ ያላዝን ነበር። በሃያ አራት ዓመቱ ሲያላዝን ወደቡ ላይ ያሉ ሠራተኞች አብረውት ያላዝናሉ ይባል ነበር። ስልሳን ሲያልፍ ግን ማላዘኑ እያሳለው ተቸገረ፤ በመጨረሻ በወጣትነቱ የቀዳውን ማላዘን እያጫወቱለት እሱ ውሃ ይጠጣ ነበር።

ጣቢያውን ሩቅ አገር ያለ ድርጅት ገዛው። ዘፈኑን የሚመርጠው ኮምፒዩተር ሆነ። ለዌንደል የተኩላ ሥዕል ያለበት ኬክ ቆረሱለት፤ ተኩላው ግን ውሻ ይመስል ነበር። ባልደረቦቹ እጁን ጨበጡት፣ እሱም የቡና ኩባያውንና የወንበሩን ትራስ ይዞ ወረደ። ያን ቀን የተሰማው ሐዘን አልነበረም። ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ኮረብታ ወጥቶ፣ እላይ ሲደርስ ዕቃውን የሚቀበለው ሰው ያጣ ሰው ዓይነት ስሜት ነበር የተሰማው።

ከዚያ በኋላ ብዙ የማሰቢያ ጊዜ አገኘ። ማሰብ ደግሞ ያደክማል። የሚያስበው ስለዚያው ስለሮክ ነበር። እሱ ልጅ እያለ አባቱ ያን ሙዚቃ ሲሰሙ ሸክላውን ከማጫወቻው ላይ አንስተው በመስኮት ወርውረውታል። ሸክላው በረዶ ውስጥ ተሰክቶ ከርሞ በጸደይ ነው የተገኘው። አሁን ያው ዘፈን ጥርስ ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቅ ይከፈትለታል፤ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ውስጥ ማርሊስ ሽንኩርት ስትመርጥ ከጣሪያው ላይ ይንጠባጠባል። በዚያ ዘፈን ዓለምን እናቃጥላለን ብለው የዛቱት ልጆች አሁን ዘይት የሌለበት ብስኩት ይፈልጋሉ። ዌንደል ይህን ሲያስብ አይስቅም፣ አያዝንምም። ይተነፍሳል ብቻ።

ሌላም ነገር ነበር። ዘፋኞቹ አንድ ባንድ ሲያልፉ መርዶውን ለከተማው ያረዳ የነበረው እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ አንዱ ሲሞት ቀኑን ሙሉ የሰውየውን ሥራ እያጫወተ፣ ስልክ እየተቀበለ፣ ከሚያለቅሰው ጋር እያለቀሰ ይውል ነበር። በኋላ ሟቾቹ በዙ። ሐዘኑን የሚያዳምቅበት ጉልበት አለቀ። አንድ ሳምንት ሁለት ሰው ተከታትሎ ሲሞት ማይክሮፎኑን ዘግቶ ለማርሊስ ስልክ ደወለና፣ እኔኮ ሙዚቃ አጫዋች መሆኔ ቀርቶ የዕድር ጡሩንባ ነፊ ሆኛለሁ አላት። እሷም ታዲያ ጡሩንባ ነፊም ደሞዝ ይበላል አለችው።

ጆሮውም ከዳው። ይህን መጀመሪያ ያወቀችው ማርሊስ ናት፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ አይሰማም፣ የበር ደወል አይሰማም፣ እሷ ስትጠራው አይሰማም፤ የመጨረሻውን ግን ሆን ብሎ የሚያደርገው ይመስላት ነበር። ጎትታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። ዕድሜህን ሙሉ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ጩኸት ስታንቆረቁር ኖረህ ምን ጠበቅህ አለችው። ከሁሉ በፊት የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ የወፍ፣ የሕፃን፣ የሴት። ወፍራሙ ይቆያል። ሁለት የመስሚያ መሣሪያ ሰጠችው፣ እንደ ባቄላ የሚያክሉ።

ቤቱ ሲመለስ በሩን ዘግቶ፣ ከሁሉ የሚወደውን ሸክላ አውጥቶ በእነዚያ ባቄላዎች ሰማው። ጊታሩ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሆነበት። ዘፋኙ አፍንጫውን ይዞ የሚዘፍን መሰለው። መሣሪያዎቹን አውልቆ ደግሞ ሞከረ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ግማሹ የለም። ሸክላውን ወደ ሽፋኑ መለሰው፣ ሽፋኑንም ወደ መደርደሪያው። ከዚያ ወዲህ ሙዚቃ መስማት ሲያምረው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ሁሉም ዘፈን እንደ ጥንቱ አለ፣ ጊታሩም ከበሮውም ሳይጎድል። ማርሊስ ተኝቷል ብላ ብርድ ልብስ ታለብሰዋለች።

ሚያዝያ ላይ፣ ወደቡ ገና በረዶ እንደያዘ፣ ዶሪን ሃልቮርሰን የምትባል ሴት መጣች። ስልክ ደውላ ደውላ የሚያነሳ ስታጣ ነው በእግሯ የመጣችው። ጫማዋን ደጃፉ ላይ አራግፋ ገባችና ከመቀመጧ በፊት የሎኒ ሚስት ነኝ አለች።

ዌንደል ሎኒን አውቆታል። የወደቡ ሎኒ። የብረት ማዕድን መርከብ ላይ የሚጭነው ሎኒ። ሰውየውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ድምፁን ግን ከወንድሙ ድምፅ ይልቅ ያውቀዋል። ዕድሜ ልኩን ወደ ጣቢያው እየደወለ አንድ ዘፈን ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ዘፈኑ ረጅም ነው፤ ከበሮው እስኪገባ ድረስ ጊታሩ ብቻውን ቀስ እያለ፣ እየተንቆረቆረ፣ ሰው ሊያንቀላፋ ሲል ከበሮው እንደ ተናደ ድንጋይ ይወርዳል። ዌንደል በአየር ላይ ይሟገተው ነበር። ሌላ ዘፈን አታውቅም ወይ ይለዋል። ሎኒ ደግሞ ሌላ ዘፈን ለምን አስፈለገ ይላል። ከተማው ይህን ክርክር እንደ ድራማ ይከታተለው ነበር።

«ማክሰኞ ዕለት አረፈ» አለች ዶሪን። «ሳንባው ነው። ብዙም አልተሠቃየም።»

«ነፍሱን ይማር» አለ ዌንደል። ጥሩ አልሰማትም ነበር፤ የከንፈሯን ነገር አይቶ ገምቶ ነው።

«ሆስፒታል እያለ አደራ ብሎኛል። ዘፈኑን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንድናጫውትለት። ግን ዝም ብሎ እንዲከፈት አልፈለገም። ተኩላው ያስተዋውቀው ነው ያለው። እርስዎ ማለቱ ነው።» ከዚያ አፈረችና ፈገግ አለች። «እርስዎ ስል ራሴን ታዘብኩት። ስንት ዘመን ወጥ ቤቴ ውስጥ ስትለፈልፍ ኖረህ።»

ዌንደል ምክንያት ይደረድር ጀመር። ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም አለ። ጉልበቴ ቆሜ እንድናገር አይፈቅድልኝም አለ። ቤተ ክርስቲያን ከገባሁ ቆይቻለሁ አለ። እውነተኛውን ምክንያት ግን አልተናገረም፤ አይቶት በማያውቀው ሰው ሬሳ ፊት ቆሞ የሃያ አራት ዓመት ወጣት መምሰል እንደ ተራራ ከብዶታል። ዶሪን አልለመነችውም። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። የመለሰችላት ማርሊስ ናት፣ ከምድጃው አጠገብ ሆና።

«ይመጣል» አለች። «ሞቶ የጠራን ሰው እንቢ አይባልም። ሸሚዙን እተኩስለታለሁ።»

ቀብሩ ቅዳሜ ከቀትር በፊት ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታው ወገብ ላይ ያለ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከመስኮቱ ሐይቁ ይታያል፣ ያን ቀን ግራጫ ሆኖ። ወንበሮቹ ሞልተዋል። አብዛኞቹ የወደብ ሰዎች ናቸው፤ ወፍራም እጅ፣ ጎባጣ ጀርባ፣ ከሠርጋቸው ወዲህ ያልለበሱት የሚመስል ኮት። ዌንደል ሲገባ ማንም አላወቀውም። ፊቱን የት አውቀውት። ወደ ፊት ሄዶ ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ሲቆም አንዳንዱ የሎኒ ዘመድ መሰለው።

ማይክሮፎኑ ጋ ሲጠጋ የጆሮው መሣሪያ ከማይክሮፎኑ ጋር ተጣላና ጭንቅላቱ ውስጥ ይጮህበት ጀመር። ሁለቱንም አውልቆ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታቸው። ዓለም ጸጥ አለችለት፤ ደስ የሚል ጸጥታ። ከዚያ አፉን ከፈተ።

ድምፁ መጣ። ራሱም አልጠበቀውም። ከየት እንደሚወጣ እንጃ፣ ከደረቱ ሥር፣ ወፍራም፣ የማይቸኩል፣ የድሮው ድምፅ ነበር። ከተሰበሰበው ሰው ራሶች ቀና ቀና ሲሉ አየ። አሁን አወቁት።

ብዙ አልተናገረም። ሎኒን አይቼው አላውቅም አለ። ሰውየው በየቀኑ እየደወለ ያንኑ ነገር ይጠይቀኝ ነበር፣ እኔም በየቀኑ እሰድበው ነበር፣ ዛሬ ሲደውል ግን አልሰደብኩትም አለ። «ይኸው ሎኒ» አለ። «ሌላ ዘፈን ለምን አስፈለገ።»

ለቤተ ክርስቲያኑ ሴት ፓስተር ራሱን ነቅንቆ ምልክት ሰጣት። ዘፈኑን በስልኳ ከፍታ በቤተ ክርስቲያኑ ስፒከር እንድታሰማ ነበር የተነጋገሩት። እሷም ስልኳን ነካ አደረገች። ዌንደል ራሱን ደፋ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እጁን አጣመረ።

ጊታሩም ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ አንድ ክር፣ ከዚያ ሌላ። ዌንደል የአባቱ ፒክአፕ ውስጥ ሆነ፣ የሐይቁን ዳር ይዞ ወደ ሰሜን ሲነዳ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ የጥድ ሽታ። አጠገቡ ማርሊስ አለች፣ ገና ሚስቱ ሳትሆን፣ ባዶ እግሯን ከፊት መስተዋቱ ሥር ሰቅላ። ያኔ ሙዚቃው የእነሱ ብቻ ይመስላቸው ነበር፤ ከእነሱ በፊት ማንም ወጣት ሆኖ እንደማያውቅ። ጊታሩ እየተጠማዘዘ ወጣ። አሁን ይመጣል አለ ዌንደል በልቡ። ከበሮው ሲገባ በጆሮው ባይሰማው እንኳ በእግሩ ይሰማዋል፤ የእንጨት ወለል ነውና ይንቀጠቀጣል። ጫማው ውስጥ ጣቶቹን አዘጋጀ። ጠበቀ። ከበሮው መግባት ነበረበት። ወለሉ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ዓይኑን ገለጠ። ፓስተሯ ፊቷ ቀልቶ ስልኳን በአውራ ጣቷ እየወጋች ነው። ዶሪን አፏን በመሐረብ ይዛ ታየዋለች። ሰዉ ሁሉ ያየዋል። ያን ጊዜ ገባው። ዘፈን የሚባል ነገር አልተከፈተም። ይህን ሁሉ ጊዜ በጸጥታ መሐል ብቻውን ራሱን እየነቀነቀ ቆሞ ኖሯል።

የሬዲዮ ሰው ከሞት ይልቅ የሚፈራው ጸጥታን ነው። ዌንደል ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሕልም ብቻ ያስበረግገው ነበር፤ ሸክላው አልቆ፣ ማይክሮፎኑ ተከፍቶ፣ የሚናገረው ጠፍቶት። ይኸው መጣበት፣ ያውም በሬሳ ፊት። አንገቱ ጋለ። ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠው በወደደ። ግን ደግሞ ለመሸሽም፣ ለመዋሸትም ጉልበት አልነበረውም።

«ዘፈኑ አልተከፈተም አይደል?» አለ።

ከፊት ፓስተሯ ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ የተከፈተ መስሎኝ ነበር። ጥሩ እየሄደ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ከሦስተኛው መደዳ አንድ ግዙፍ ሽማግሌ የፊቱን ወንበር ተደግፎ ተነሣ። ቨርን ስቴንቢ ይባላል፣ ከሎኒ ጋር ወደብ ላይ የኖረ። መስማት የተሳነው ሰው እንደሚናገረው ጮክ ብሎ ተናገረ።

«አልተከፈተም እንዴ?» አለ። «እኔም እየሰማሁ መስሎኝ። እንዲያውም ዛሬ አጠረብኝ እያልኩ ነበር።»

አጠገቡ ያለው ሰው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ምን አለ ብሎ ጠየቀ። ከኋላ ሌላው እኔም አለ። ወዲያ ማዶ ሌላ እጅ ወጣ። የማዕድኑ ጩኸት ግማሹን ጆሮ ወስዷል፣ የዌንደል ሙዚቃ ቀሪውን። ዶሪን መሐረቧን ከአፏ አወረደች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የሚያለቅስ ሰው ትከሻ፤ ፊቷ ሲታይ ግን እየሳቀች ነው። ከዚያ ሰዉም ሳቀ። ፓስተሯም ሳቀች። ዌንደል አልሳቀም፤ የሬሳ ሣጥኑን ጫፍ ይዞ አየር ሳበ።

ዶሪን ተነሥታ ወደ እሱ ሄደች፣ እንዲሰማት ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«ሎኒም አይሰማም ነበር» አለችው። «ብዙ ዘመኑ ነው። መዳፉን ሬዲዮው ላይ ጭኖ ነው የሚያዳምጥህ።»

«ለምን አልነገረኝም ታዲያ?»

«ምን ብሎ ይንገርህ? እሱ ይደውላል፣ አንተ ትጮህበታለህ፣ እኔ የምትለውን እነግረዋለሁ። ደስ ይለው ነበር።»

በዚህ መሐል ፓስተሯ አንድ ሽቦ ነቅላ ሌላ ሰክታ ስልኳን አስታረቀችው። ዘፈኑ ተከፈተ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠች። ዌንደል ምንም አልተሰማውም። ግድግዳው ሥር ከቆመው ትልቅ ስፒከር ጋ ሄዶ መዳፉን እንጨቱ ላይ ጫነ። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ የድመት ደረት የሚመስል ነገር፣ ቀጭን ንዝረት። ቨርን ስቴንቢ እያነከሰ መጥቶ ከጎኑ እጁን ጫነ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስፒከሩን ታቅፈው ቆሙ። ከበሮው ሲገባ ሁለቱም እኩል ተንቀጠቀጡ፤ ቨርን ጥርሱን አሳየ።

ከዚያ ግን ዘፈኑ ቀጠለ። አሁንም ቀጠለ። የዌንደል ጉልበት ይቆጠቁጠው ጀመር፣ ወገቡም ተከተለ። ሁለተኛው የጊታር ጨዋታ ገና አልመጣም። ሕይወቱን ሙሉ ያን ዘፈን ሲያጫውት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምን አድርገን ነው ይህን ያህል የምናረዝመው ብሎ አሰበ። መልሱም ወዲያው መጣለት። ያኔ ጊዜ ነበረን። የሀብታም ልጅ ገንዘብ እንደሚረጭ ጊዜን እንረጨው ነበር። እጁን ሳያነሣ ግንባሩን ስፒከሩ ላይ አስደገፈና እስኪያልቅ ጠበቀ።

ከቀብር መልስ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምግብ ቀረበ፤ ድንች ከሥጋ ጋር በምድጃ የበሰለ፣ ጄሎ የሚሉት የሚርገበገብ ጣፋጭ፣ ብስኩት፣ ቀጭን ቡና። ዌንደል ወንበር ላይ እንደ ተጣለ ጆንያ ተቀመጠ። መሣሪያዎቹን ጆሮው ውስጥ መልሶ ነበር፤ የሳህኑ ኳኳታ ጭንቅላቱን ይወጋዋል። ቨርን ሁለት ሳህን ይዞ አጠገቡ ተደላደለ።

«ተኩላ ተኩላ ሲሉህ ትልቅ ሰው መስለኸኝ ነበር» አለው። «ዳክዬ ታክላለህ።»

«አንተ ደግሞ በሬ መስለህ እንደ በግ ትጮኻለህ።»

«እኔ ስሞት የማን ዘፈን እንደምፈልግ ልንገርህ።»

«አትንገረኝ» አለ ዌንደል። «ደክሞኛል።»

ቨርን ግን ነገረው። ሌሎችም መጥተው ነገሩት፤ አፋቸው ብስኩት እንደሞላ፣ ትከሻውን እየነካኩ፣ ቀጠሮ እንደሚይዝ ሰው። አንዷ ሴትዮ ባሌ ገና በሕይወት አለ፣ ለማንኛውም አስብበት አለችው። ዌንደል ራሱን ይነቀንቃል፣ እሺ ይላል፣ ስሙን አይዝም። በዚያው በጋ ሁለት ቀብር ላይ ቆሟል። ለሦስተኛው ሲጠሩት እንቢ አለ። ማርሊስም አልተከራከረችውም። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀው ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ አጭር ዘፈን ምረጡ፣ የሚቆሙት ሰዎች አርጅተዋል።

ያን ቅዳሜ ወደ ቤት የነዳችው ማርሊስ ናት። ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ ስትናገርኮ የድሮው ሰውዬ ነበርክ አለችው። እሱ ግን አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ እንቅልፍ ወስዶታል። ቤት ስትደርስ አልቀሰቀሰችውም። ሞተሩን አጥፍታ፣ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ጓንቷን አውልቃ የሐይቁን በረዶ ስታይ ቆየች።

ቨርን ስቴንቢ ጓሮው ውስጥ አባቱ የሠሩት ሳውና፣ በጋለ ድንጋይ የሚሞቅ የእንፋሎት ክፍል፣ አለው። ከቀብሩ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዌንደልን ይጠራዋል። እንፋሎት መሣሪያ ያበላሻልና ሁለቱም የጆሮአቸውን ባቄላ በር ላይ ጥለው ይገባሉ። ጎን ለጎን፣ በፎጣ ብቻ፣ ሁለት ያረጁ ሰዎች፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። ቨርን ውሃ ድንጋዩ ላይ ይረጫል፣ እንፋሎቱ ይነሣል፣ አይተያዩም። አንዳንዴ ቨርን አንድ ነገር ይናገራል፤ ጭኑን እየመታ፣ ረዘም አድርጎ፣ ቁም ነገር እንደሚያወራ ሰው። ዌንደል ራሱን ይነቀንቅለታል። ምን እንዳለው አንድም ቀን ሰምቶ አያውቅም፤ ጠይቆትም አያውቅም።